ጓንቴን የከለከልኳት ዕለት

ቅናቴ የጀመረው ተራራው ጫፍ ላይ አይደለም። ገና ከታች፣ ከመኪና እንደወረድን ነው።

እኔና ጓደኛዬ ዲላ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የምናስተምረው፤ እኔ ጂኦግራፊ፣ እሷ ሒሳብ። የኬንያን ተራራ መውጣት የእኔ ሐሳብ ነበር። የእኔ! ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስለው ኖሬአለሁ። አስጎብኚ በስልክ ያፈላለግኩት እኔ፣ ጫማ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት እኔ። ልምምድ ብዬ ጠዋት ጠዋት ዳገት ስወጣና ስወርድ ሰፈሩ “ሴትዮዋን ምን ነካት?” ያለው እኔን ነው። እሷ “ብቻሽን ከምትሄጂስ ልከተልሽ” ብላ ነው የመጣችው። ያደረገችው ጫማ እንኳ ኮንጋ የሚባል ገጠር እናቷ ዘንድ ስትሄድ የምታደርገው ያው ጫማ ነበር።

ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በሞያሌ አድርገን ሄድን። ተራራው ግርጌ የጠበቀን አስጎብኚ ቦረና ነው፤ የኬንያ ቦረና። በእንግሊዝኛ ሰላምታ ስንለዋወጥ ጓደኛዬ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጣል አደረገች። በቃ! ሰውዬው ዘመዱን ያገኘ ያህል ሆነ። እሷ ጌዴኦኛውን ከእናቷ፣ ኦሮምኛውን ከጉጂ ጎረቤቶቿ ይዛ ነው ያደገችው። እኔስ? ዲላ ተወልጄ ዲላ አድጌ፣ ከሰሜን የመጣው አባቴ ሱቅ ውስጥ ስንት ቋንቋ ሲገባ ሲወጣ እየሰማሁ፣ ከሰላምታና ከ“ስንት ነው” አላለፍኩም። ሁሉም በአማርኛ ያናግረኛል፣ ምን ቸገረኝ ብዬ!

ሁለቱ ፊት ፊት እያወሩ እየሳቁ ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ ቱስ ቱስ እላለሁ። እሷን “ኦቦሌቲ” ይላታል፣ እህቴ ማለቱ ነው፤ ይህቺን እንኳ አውቃለሁ። እኔን “ቀስ በይ፣ ማማ” ይለኛል። ማማ! በሁለት ዓመት ነው እኮ የምበልጣት። “ምን አለሽ?” ስላት “ስለ ከብት ነው የምናወራው” ትለኛለች። ከብት እንዲህ ያስቃል እንዴ?

በሦስተኛው ቀን መጨረሻው ካምፕ ስንደርስ ራሴ ለሁለት ሊከፈል ደረሰ። የቀመስኩትን ሁሉ አስመለስኩ። አስጎብኚው ዓይኔን አየና “አንቺ ነገ ወደ ላይ አትሄጂም” አለኝ፤ የከፍታ በሽታ ቀልድ አያውቅም። ጓደኛዬ ወዲያው “እኔም እቀራለሁ” አለች።

“ሂጂ!” ብዬ ጮህኩባት። “ደግሞ በእሷ ምክንያት ቀረሁ እያልሽ ልትኖሪ ነው?”

ሊነጋጋ ሲል ተነስታ ጫማዋን ስታስር “ጓንትሽን ታውሺኛለሽ? የእኔ ትናንት በዝናብ ርሶ አልደረቀም” አለችኝ። የእኔ ጓንት ውስጡ ጠጉር ያለው፣ ወፍራም ነው። እኔ እንደሆነ እስከ አገጬ መኝታ ከረጢት ውስጥ ነኝ፣ የትም አልሄድም።

“እጄን በርዶኛል” አልኳት።

እርጥቡን ጓንት ትታ ተነሳች። ከአስጎብኚው ጋር ወጥተው ሄዱ፤ ምግብ አብሳያችን ከእኔ ጋር ቀረ።

ተኝቼ ጸለይኩ። እንድትደርስ አይደለም። “ጌታዬ፣ ጭጋግ ላክ” አልኩ። እንዳትሞት ብቻ መጠነኛ አድርገው አልኩ፤ ደግነቴ እስከዚህ ነበር። የእኔን ተራራ፣ ስሙን እንኳ ከእኔ የሰማችውን ተራራ፣ እናቷ ዘንድ በምትሄድበት ጫማ ወጥታ ዲላ ላይ ስታወራው ታየኝ። መምህራን ከብበዋት፣ እኔ ጥግ ይዤ። እንባዬ መጣ።

ረፋድ ላይ ተመለሱ። “ደረስሽ?” አልኳት፣ ገና ድንኳኑ በር ላይ ሳለች።

ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። “አልደረስንም። ጭጋጉ መለሰን” አለች። አስጎብኚው ዞር ብሎ አያት። በኦሮምኛ ቶሎ ቶሎ አንድ ነገር ነገረችው፤ እሱም እኔን አየኝና ራሱን ነቀነቀ። እየቀለዱብኝ ነው ብዬ ነበር፤ ግን ማን ግድ አለው! የራስ ምታቴ ብን ብሎ ጠፋ። ሻይ ቀዳሁላት። ጣቶቿ ቀልተው አብጠው ስለነበር ጓንቴን አውልቄ በእጄ አሸሁላት፤ ከዚያም ጓንቱን አጠለቅሁላት። እንደዚያን ቀን ወድጃት አላውቅም።

ዲላ ተመልሰን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ወሬውን የያዝኩት እኔ ነኝ። “ለጥቂት ነው እኮ! ጭጋጉ ባይመልሰን” እላለሁ። እሷ ፈተና እያረመች “አይጣል ነው” ትላለች።

ኅዳር ላይ አስጎብኚው “ለኦቦሌቲ” ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ጉዞውን ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ ያለው የእኔ ቁጥር ብቻ ነው። ስልኬን ስከፍተው ጓደኛዬ ጫፉ ላይ፣ ከፍታው የተጻፈበት ምልክት አጠገብ ቆማለች። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ቁራጭ ደመና የለም።

ልዋሽ አልፈልግም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እፍረት አይደለም። ቅናት ነው፣ እንደ አዲስ። ደርሳለች! ከዚያ ነው እጆቿን ያየሁት። ሁለቱንም ወደ ላይ አንስታለች፤ ሁለቱም ላይ ካልሲ አጥልቃለች።

ቅዳሜ ጓንቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ኮንጋ ሄድኩ። ጓደኛዬን በእናቷ ማሳ ውስጥ እሸት ቡና ስትለቅም አገኘኋት። ስልኩን ሰጠኋት።

“ውይ፣ አፍንጫዬ እንዴት ቀልቷል!” አለች።

“ለምን ዋሸሽኝ?”

“ፊትሽን አይቼ ነዋ።” ቅርጫቷን ወደ ሌላው ክንዷ አዞረች። “ደርሻለሁ ብልሽ ኖሮ ታናግሪኝ ነበር?”

እንዴ፣ ምን ነካሽ፣ ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን “አላናግርሽም ነበር” አልኳት።

“ታዲያስ! ተራራውን አንድ ጊዜ አየሁት፣ በቃኝ። አንቺን ግን በየሰኞው ነው የማይሽ።” ሳቀች። “ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለ? ነይ አሁን ልቀሚ። ቀዩን ብቻ!”

ፀሐዩ ይለበልባል። ጓንቱን በዚያ ሙቀት ምን ብዬ ላውጣው? እስኪመሽ ለቀምን፤ የእሷ ቅርጫት ሁለቴ ሲሞላ የእኔ ገና ግማሽ ነበር፣ እሱንም ልብ አልኩት። ጓንቱን ሳልሰጣት ይዤው ተመለስኩ።