ያስቀረሁት ዓይን

እርሳስ ስቀርጽ የእንጨቱ ሽታ ደባርቅ፣ ወደ አያቴ ሱቅ ደጃፍ ይወስደኛል።

ትምህርት ቤታችን ለፈለገ ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል ሊያስተምር ነው ተባለ። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው፤ ሱቁ ያለ እኔ አይሆንም። አያቴን ላሳምን ብዬ በር በሩን ሲያዩ ከጎን ሳልኋቸው።

ወረቀቱን ተቀብለው አዩት።

«ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሳለው ማነው?»

«ክፉ ሰው።»

«እኔ ታዲያ ምን አደረግሁሽ?»

አፈርሁ፤ ወረቀቱን ግን አላጠፍሁም።

«ሁለቱንም ዓይን መሳል ገና አልቻልሁም፣ አባባ። ቅዳሜ ሄጄ እማራለሁ።»

አያቴ በርጩማቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ሁለቱም ዓይናቸው ታየኝ።

ዛሬም የሰው ፊት ስስል የምጀምረው ያን ቀን ካስቀረሁት ዓይን ነው።