የመቀሌው ባቡር ሲያልቅ

መቀሌ ባቡር የላትም። ይህን አስቀድሜ መጻፍ አለብኝ፤ የምጽፈው ስለ ባቡር ነውና። ያላት ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳውን አቋርጦ የሚሄድ የተደለደለ አፈር ነው። ሐዲድ ይነጠፍበታል የተባለ። ተማሪ ሳለሁ ከባድ መኪኖች ቀኑን ሙሉ አፈር ያመላልሱበት ነበር። የድልድይ ምሰሶዎችም ቆመው ነበር። ሰው ሁሉ "የመቀሌው ባቡር ሲያልቅ" ይል ነበር። ቤት ሊሠራ ያሰበው፣ ሱቅ ሊከፍት ያሰበው፣ ሁሉም እንደዚያ ይል ነበር። በእኛ ቤት ግን ከሁሉ የበለጠ የሚጠብቀው ወንድሜ ነበር።

ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ልበል፤ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። ሥራው ባቡር ጣቢያ ነበር። የመንገደኛ ሻንጣ ይፈትሻል። መጀመሪያ አዲስ አበባ ዳር ባለው ጣቢያ ስድስት ወር ሠራ፣ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ጣቢያ አዛወሩት።

ባዛወሩት ጊዜ አብሬው ተሳፍሬያለሁ። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት ስጠብቅ ነበር፣ ዕቃውን እንዳግዘው ጠራኝ። የአዲስ አበባው ጣቢያ ትልቅ ነው፤ ከከተማው ርቆ ብቻውን ቆሟል። ከባቡሩ ይልቅ ጣቢያው ድረስ ለመድረስ ነው ሰው የሚደክመው። በሩ ላይ ሻንጣ በማሽን ያልፋል፣ ከዚያ ደግሞ በእጅ ይከፈታል። ቢላዋ፣ ሽቶ፣ ላይተር ይቀራል። ወንድሜ ያን ቀን የሥራ ልብሱን ለብሶ ነበር፤ የእኔንም ሻንጣ ራሱ ከፈተው። እናታችን የላከችውን ማር አወጣና "ቅመስ" አለኝ።

"ለምን?"

"ፈሳሽ ነው። ጠጥቶ ማሳየት ደንብ ነው።"

"ማር ይጠጣል እንዴ?"

አብራው የምትፈትሽ ሴት ሳቀች። "ወንድምህ ጨካኝ ነው" አለችኝ። "ባለፈው የቄሱን ሻንጣ ሦስት ጊዜ ነው ያስከፈታቸው።" እሱም እየሳቀ በጣቱ ቀመሰውና መለሰልኝ።

በመንገድ ላይ ብዙ አወራ። መስኮቱ አይከፈትም፤ እንደ አውቶቡስ ቆሎና ሙዝ የሚሸጥ ሰው አይጠጋም። ከብት ሐዲዱ ውስጥ ከገባ ባቡሩ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይቆማል። በየፉርጎው መጨረሻ የፈላ ውኃ የሚቀዳበት ቧንቧ አለ። ይህን ሁሉ የራሱ ቤት ይመስል ያሳየኝ ነበር። ትኬት ተቆጣጣሪው ሲያልፍ "ታናሼ ነው" አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "የመቀሌው ሲያልቅ ዝውውር እጠይቃለሁ። አንተንም አስገባሃለሁ" አለኝ። "የሰፈር ሰው ሁሉ ሻንጣውን ከፍቶ ያሳየናል።"

ፈተናውን አላለፍኩም። መቀሌ መሀል፣ ሮማናት አደባባይ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ለጓደኞቼ ግን ቶሎ እንደምለቅ፣ ባቡር ጣቢያ እንደምገባ ተናገርኩ። ወንድሜ እሑድ እሑድ ይደውላል። ከኣደይ ጋር በትግርኛ ያወራል። ኣደይ የምንላት እናታችንን ነው፤ እሷም "ወደይ" ትለናለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። ከእኔ ጋር በአማርኛ። አባታችን ለንግድ መጥቶ መቀሌ የቀረ የወሎ ሰው ነበር። እሱ ከሞተ ቆየ፤ አማርኛው ግን በእኔና በወንድሜ መካከል ቀረ። ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "የት ደረሰ?"

እኔም ሄጄ አይና እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ላይ የምነግረው እውነት ነበር። ዛሬ ይህን ያህል መኪና ቆጠርኩ፣ እዚያ ጋ ሌላ ምሰሶ ቆመ እለዋለሁ። በኋላ መኪኖቹ ቀነሱ። ከዚያ ጭራሽ ቀሩ። አንድ ቀን ስሄድ የተደለደለው አፈር ላይ ሣር በቅሏል። አንድ ዘበኛ ብቻ በድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

"ምን ጠፋብህ?" አለኝ።

"ምንም። ሥራው መቼ ነው የሚቀጥለው?"

"ካወቅህ ለእኔም ንገረኝ" አለ። "እኔ አሁን ሣር ነው የምጠብቀው።"

ይህን ለወንድሜ አልነገርኩትም። በዚያ እሑድ ሲደውል "ይሠራሉ" አልኩት። በሚቀጥለውም እሑድ እንደዚያው።

በግንቦት ግን እሑድ ባልሆነ ቀን ደወለ። ሥራ ቦታ ነበርኩ፣ ወጥቼ በር ላይ አነጋገርኩት።

"እውነቱን ንገረኝ" አለኝ። "አጎታችን እዚያው መቀሌ አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ ለምኖ አግኝቶልኛል። እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። የመቀሌው ጣቢያ ቅርብ ከሆነ እዚህ ቆይቼ እዛወራለሁ። ሩቅ ከሆነ ግን እመጣለሁ። ሙቀቱም መሮኛል። አንተ ታየዋለህ። የት ደረሰ?"

"ሐዲድ መጥቷል" አልኩት። "ሊነጠፍ ነው።"

"ማን አለ?"

"ሰው ሁሉ።"

"አንተ አየኸው?"

"አየሁት።"

ለምን እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ክፉ አስቤ አልነበረም። ግን እሱ መጋዘን ከገባ እኔን ጣቢያ የሚያስገባኝ ሰው አይኖርም። ለጓደኞቼ ያወራሁትም አለ። ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም። ሰኞ ለአጎቴ ደውሎ ሥራውን አልፈልግም አለ። አጎቴ ተቀየመ። ኣደይ "ለምን እምቢ አለ?" ብላ ጠየቀችኝ፤ "እኔ እንጃ" አልኳት።

በጥቅምት አብሮት የሚኖር የሥራ ባልደረባው ደወለልኝ። "ወንድምህን ትንሽ አሞታል" አለ። "ብትመጣ ጥሩ ነው። እናትህን አታምጣት፤ መንገዱ ያደክማታል።"

እንዲህ ተብሎ የሚደወለው መቼ እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። ሰውየውን "አሞታል" እንላለን፣ ዘመዱን አስጠርተን፣ አስቀምጠን፣ ሰው ሰብስበን ነው የምናረዳው። እኔም ሌላ ሰው ላይ ቢሆን ወዲያው ይገባኝ ነበር። በራሴ ላይ ሲሆን ግን ታሟል ስባል ታሟል ብዬ ሄድኩ። ኣደይ በሶ ፈጭታ፣ ማር ጨምራ ሰጠችኝ። "እኔስ?" አለች። "አትምጣ ብለዋል" አልኳት። ቆማ አየችኝ።

ከመነኸሪያ ማለዳ ወጣሁ፣ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አደርኩ፣ አዲስ አበባ ገብቼ ትኬት ቆረጥኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጣቢያው ደረስኩ። ሰልፉ እንደ ድሮው ነው። ፊት ለፊቴ የነበረውን ሰው ሻንጣ እስከ ካልሲው ድረስ አወጡት። ተራዬ ሲደርስ የምትፈትሸው ያቺ በማሩ የሳቀችው ሴት ነበረች። አወቀችኝ።

"ወንድሜን አሞት ልጠይቀው ነው" አልኳት። ሻንጣዬን ልከፍት ዚፑን ያዝኩ።

እጇን ሻንጣው ላይ አደረገች። "ተወው። ይዘህ ግባ" አለችኝ። ፊቷን ወደ ማሽኑ መለሰች። በዚያ በር የማንም ሻንጣ ሳይከፈት አያልፍም። ይህን የነገረኝ ወንድሜ ነው።

ባቡሩ ውስጥ ከፊት ለፊቴ አንዲት የድሬዳዋ ነጋዴ ተቀምጣለች። ብርቱካን ትልጣለች፣ ስለ ሁሉም ነገር ታወራለች። ትኬት ተቆጣጣሪው መጣ፤ ያው የበፊቱ ሰው ነው። ትኬቴን አላየም። "በልተሃል?" አለኝ። "በልቻለሁ" አልኩ። ጥቂት ቆይቶ የታሸገ ውኃ አምጥቶ ሰጠኝ። አዳማን ካለፍን በኋላ ተመልሶ "ምንም አልፈለግህም?" አለኝ።

ሴትዮዋ አየችንና "አቦ፣ ሚኒስትር ነህ እንዴ አንተ ልጅ?" አለች። "እኔ በዚህ ባቡር ስመላለስ ዓመት አለፈኝ። ውኃ ቀርቶ ደህና አደርሽ ያለኝ የለም።"

"ወንድሜ ጣቢያው ይሠራል" አልኳት። "ድሬዳዋ። አሞት ልጠይቀው እየሄድኩ ነው።"

"ሙቀት ነው፤ ሁላችንንም ይጥለናል። እናት አለችው?"

"አለች። መቀሌ ናት።"

"ታዲያ ልጇ ታሞ አልመጣችም?"

"እሷን አታምጣ ብለው ነው የደወሉልኝ።"

ብርቱካኑን ልትሰጠኝ ዘርግታ ነበር። እጇ እዚያው ቆመ። ከዚያ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳበች። እስከ ድሬዳዋ ድረስ አልተናገረችም።

ያን ጊዜ ገባኝ። አዋሽን አልፈን ነበር። ውጪው ግራርና ድንጋይ ብቻ ነው። ተነሥቼ ተቆጣጣሪውን መጠየቅ እችል ነበር፤ በፉርጎው መጨረሻ ቆሟል፣ ያየኛል። አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ምን ይላል? መንገድ ላይ፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። እሱን አስጨንቄው፣ እኔም ሰምቼ፣ ከዚያ ያን ሁሉ ሰዓት ባቡር ውስጥ ምን ልሆን ነው? አንድ ቦታ ላይ ግመሎች ገብተው ባቡሩ ቆመ። መንገደኛው ተነጫነጨ። እኔ ግን ባይንቀሳቀስ ብዬ ተመኘሁ። እዚያ እስከቆመ ድረስ ማንም አልነገረኝም፤ ወንድሜም ታሟል።

ድሬዳዋ ጣቢያ በር ላይ ሰባት ሆነው ጠበቁኝ። ሁለቱ የሥራ ልብስ ለብሰዋል። ማናቸውም ቀድመው አላለቀሱም። ባጃጅ ውስጥ አስገብተው ወንድሜ ይኖርበት ወደነበረው ቤት ወሰዱኝ። ድንኳን አየሁ። ወባ ነው አሉኝ፤ ሦስት ቀን ብቻ ነው የተኛው። የተቀበረው እኔ ከመቀሌ በወጣሁ ቀን ነው። በዚያ ሙቀት ሊያቆዩት አልቻሉም።

በማግሥቱ አብሮት የሚኖረው ልጅ ዕቃውን ሰጠኝ። አንድ ሻንጣ ነው። ሸሚዞቹ መካከል የታጠፈ ወረቀት አለ። ወደ መቀሌ ጣቢያ እንዲዛወር የጠየቀበት ማመልከቻ ነው፤ በራሱ እጅ የጻፈው።

"ሁለት ጊዜ አስገብቷል" አለኝ ልጁ። "አለቃችን 'መጀመሪያ ጣቢያው ይኑር' ብለው መለሱለት። እኛም ሳቅንበት። እሱ ግን 'ሐዲዱን ወንድሜ በዐይኑ አይቶታል' ይል ነበር።"

ስመለስ ባቡሩን እንዴት እንደተሳፈርኩ በደንብ አላስታውስም።

መቀሌ ስደርስ ቤት አልገባሁም። አጎቴ ጎረቤት አስቀመጠኝ። ኣደይ ሳትረዳ እኔን ማየት የለባትም። ንጋት ላይ ሰዎች ገቡ፤ ከግድግዳው ማዶ ድምፅዋን ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ገባሁ።

በሐዘኑ ሰሞን አንድ ጥያቄ ነው የያዘችው። "ያን ሥራ ለምን እምቢ አለ? ለምን ወደ እኔ አልመጣም?" የሚመጣውን ሰው ሁሉ ትጠይቃለች። ሰዎችም "ቀኑ ደርሶ ነው" ይሏታል። አጎቴ ያለቅሳል፤ "አጥብቄ አልለመንኩትም" ይላል። ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እሰማለሁ።

አርባው ካለፈ በኋላ ነገርኳት። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ማንም አልነበረም። ምስር ትለቅማለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ዘበኛውን፣ ሣሩን፣ "አየሁት" ያልኩትን። ወረቀቱንም አሳየኋት። አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ግን ያዘችው።

"እውነቱን ብትነግረው ይመጣ ነበር?" አለችኝ።

"ይመጣ ነበር።"

ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝና ምስሩን መልቀም ቀጠለች።

"ለአጎትህ እንዳትነግረው፣ ወደይ" አለች። "ለማንም።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም። ከእኔም ጋር ከሚያስፈልገው በላይ አታወራም። ባለፈው ከዘመድ የመጣች ሴት ቤታችን ገባችና ስለ ወንድሜ ስታነሣ፣ "እዚህ ሥራ አግኝቶ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለምን ሳይመጣ ቀረ?" አለች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ኣደይ ሳታየኝ መለሰችላት።

"ሙቀት ለምዶ ነበር" አለች። "የመቀሌን ብርድ አልችለውም አለኝ።"