በእናቴ በኩል ያለው ስፒከር

በአባቴ የመስክ መኪና ውስጥ ዘፈን የሚመጣው ከአንድ ወገን ብቻ ነበር። በመሪው በኩል፣ በአባባ ጉልበት አጠገብ ያለው ስፒከር ይዘፍናል፤ በእማዬ በኩል፣ በቀኙ በር ላይ ያለው ግን ትንፍሽ አይልም። እኛ ልጆች ነፍስ ካወቅን ጀምሮ እንዲህ ስለነበር ለምን ብለን አልጠየቅንም። ቤታችን ውስጥ የተበላሸ ነገር ይለመዳል እንጂ አይጠገንም። አባባ ከጤፍ በቀር ለምንም ነገር የሚቸኩል ሰው አልነበረም።

መኪናዋን የገዛት መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ መኪኖቹን በጨረታ ሲሸጥ ነው። እህል በረንዳ የጤፍ መጋዘን ነበረው፤ ጤፉን የሚያመላልስለት ግን የጭነት መኪና ነው። ይቺን የገዛት ለመስቀል ነበር። በዓመት አንዴ አገር ቤት ለመግባት ብሎ መኪና የሚገዛ ሰው ከመርካቶ ውጪ የሚገኝ አይመስለኝም። የወላጆቼ መንደር ጉራጌ አገር ነው፤ ከአስፋልቱ ተወጥቶ ገና ብዙ ይኬዳል፣ መስከረም ላይ ደግሞ ጭቃው ስለማይደርቅ አውቶቡስ ዝር አይልበትም። መኪናዋ ዓመቱን ሙሉ ከመጋዘኑ ጀርባ ጆንያ ለብሳ ትቆማለች፣ ድመት ትወልድባታለች። መስከረም ሲጠባ ድመቷ ትባረርና መኪናዋ ትታጠባለች።

መስቀል ሲደርስ የመርካቶ ነጋዴ ሱቁን እየቆለፈ አገሩ ይገባል። ትናንት ትከሻ ለትከሻ ስንጋፋበት የነበረው መንገድ ጭር ይላል። እኛም ጨው፣ ስኳር፣ ብርድ ልብስና የዘመድ ልብስ እንጭናለን፤ ከዚያ እኔና ወንድሞቼ ብርድ ልብሱ ላይ እንወጣለን። ከኋላ የሞተሩና የመስኮቱ መንቀጥቀጥ ሌላ ነገር አያሰማም። ከፊት የሚታየን ሁለት ጭንቅላት ብቻ ነው፤ ቀጥ ያለው የአባባ፣ ወደሱ ዘንበል ያለው ደግሞ የእማዬ። መንገዱን ሙሉ እንደዘነበለች ትሄዳለች። አንገቷን አያማትም ወይ እያልኩ እገረም ነበር።

የሚገርመኝ ቤት ውስጥ እንዲያ ሆነው አይቻቸው ስለማላውቅ ነው። አባባ ቤት ሲገባ ደክሞት ነው የሚገባው፤ በልቶ፣ ዜና ሰምቶ ይተኛል። ወሬ አይወድም። ደንበኞቹ እንኳን "ጋሼ፣ ዛሬስ ዋጋውን በአፍዎ ይንገሩን" እያሉ ይቀልዱበት ነበር፣ እሱ በጣቱ ማሳየት ስለሚቀናው። እማዬ አጠገቡ የምትቀመጠው በዓመት አንዴ፣ ጋቢና ውስጥ ነበር።

አባባ በአንድ ክረምት አረፈ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ለመስቀል አገር ቤት አልገባችም። አንዴ ጉልበቴን ትላለች፣ አንዴ ብርዱን፣ አንዴ ደግሞ ቤቱን ማን ይጠብቃል ትላለች፤ ሌባው ራሱ አገሩ በገባበት ሰሞን! እኛ ስንሄድ እሷ ጭር ባለው ግቢ ውስጥ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች። በኋላ ታላቅ እህቷ ከአገር ቤት ቃል ላከችባት። አልጋ ከያዘች ከርማለች፤ ዘንድሮ ካልመጣሽ በዓይነ ሥጋ አንተያይም ነበር ያለቻት። እማዬ ያን ቀን ስታለቅስ ዋለች፣ ማታ ግን እሄዳለሁ አላለችም። መኪናዋን ከአባባ የወረስኳት እኔ ሴቷ ልጅ ነበርኩ፤ ወንድሞቼ ነዳጅ ትጠጣለች ብለው ሸሽተዋታል። እንደ ንግሥት ተቀምጠሽ እወስድሻለሁ አልኳት። ብዙ ከጨቀጨቅኳት በኋላ አንድ ነገር ተናገረች።

"እዚያ መኪና ውስጥ ያለውን ዝምታ አልችለውም" አለችኝ።

እኔ ነጋዴ ነኝ። ዱባይ ተራ ጫማ እሸጣለሁ፤ ደንበኛ ጠበበኝ ካለ ሰፋ ያለ አወጣለታለሁ። ዝምታ ነው ችግሩ? እንግዲያው ድምፅ እገዛለሁ። በአባባ በኩል ያለው ስፒከርም በዚያን ጊዜ አርጅቶ እንደ ተርብ ጥዝዝ ከማለት በቀር አይዘፍንም ነበር። ሁለቱንም አስነቅዬ፣ አለ የተባለ አዲስ ስፒከር አስገባለሁ ብዬ ቆረጥኩ። መስቀል እየደረሰ ስለነበር ነገ ዛሬ አላልኩም።

ከሱቄ ጀርባ ለመኪና ሙዚቃ የሚገጥም ሰውዬ ነበር፤ ቦርጫም፣ ሳቂታ፣ የሰውን ልብ በወፍራሙ ድምፅ፣ በባሱ መጠን የሚለካ። ታክሲዎች ሁሉ ደንበኞቹ ናቸው። መኪናዋን ሲያይ ቴፑን ነቅዬ በሲዲ ልቀይርልሽ አለኝ። የአባባ ካሴቶች አሉ፣ ቴፑን እንዳትነካ አልኩት። ቅር ብሎት ካቻቢቴውን አነሳ።

መርካቶ ውስጥ መንገድ ዳር የሚሠራ ሥራ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ያለፈ ያገደመው ሁሉ አስተያየት ይሰጣል። የታክሲ ሾፌሮች ከኋላም ጨምሪበት አሉኝ። አንድ ኩሊ ፍራሽ ተሸክሞ እንደቆመ፣ የበሩ ቆርቆሮ ካልተጠበቀ ይንቀጠቀጣል ብሎ መከረን፤ ፍራሹን አወርዳለሁ ሳይል ክርክሩን እስከ መጨረሻው ተከታተለ። እኔም ደስ አለኝ። እናቴን ወደ አገሯ የምመልሰው ከነአጃቢዬ መሰለኝ።

የግራው በር ሲከፈት የስፒከሩ ወረቀት እንደ አሮጌ ጃንጥላ ተቀዳዶ ተገኘ። ይሄ የሚጠበቅ ነው። የቀኙ ሲከፈት ግን ሰውዬው ሳቁን አቆመ። ስፒከሩ አቧራ ከመልበሱ በቀር ምንም አልሆነም። ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ሽቦዎቹ ግን ተነቅለው፣ ጫፍ ጫፋቸው በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ እንዳይወዛወዙ በሲባጎ ታስረዋል።

"ይሄ እኮ አልተበላሸም። ሰው ነው የነቀለው" አለኝ።

ሲባጎውን አየሁት። የጤፍ ጆንያ አፍ የሚሰፋበት ሲባጎ ነው፤ ቋጠሮውም የመጋዘን ቋጠሮ ነው፣ አንዱን ጫፍ ሲስቡት በአንዴ የሚፈታው። የአባባ እጅ ነው። በመጀመሪያ ናፈቀኝ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ዘመን እናቴን ዝም ካለ በር ጋር አስቀምጦ ዘፈኑን ለብቻው ሲሰማ ኖሯል ማለት ነው? ስስቱ እስከዚህ ነው? ሰውዬው አሮጌውን እኔ ላስቀረው ወይ ሲለኝ፣ ውሰደው ብዬ ሁለቱንም ተውኩለት።

አዲሶቹ ገቡ። ሲከፈቱ የጎረቤት ሱቅ መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ ኩሊውም ከነፍራሹ ትከሻውን ነቀነቀ። በድል አድራጊነት ወደ ቤት ነዳሁ።

እማዬ ግቢው በር ላይ ወጥታ አየችን፤ መኪናዋንና እኔን። ብዙ ለመንኳት። በመጨረሻ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጋቢና ገባች፤ አባባ ካረፈ ወዲህ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። አባባ ለመንገድ የሚወደውን ካሴት ከተትኩ። ጭብጨባ የበዛበት የጉራጊኛ ዘፈን ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ድምፁ በሁለቱም በር ሞላ። እማዬ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አዳመጠች፣ ከዚያ ቀኝ መዳፏን በአዲሱ ስፒከር ላይ ጫነችበት።

"ዝጊው" አለችኝ።

ዘጋሁት። አልወደድሽውም ወይ አልኳት።

"ጥሩ ነው፣ ልጄ። አባትሽን ግን አያሰማም።"

አልገባኝም። መኪናዋ ግቢው በር ላይ እንደቆመች እማዬ ታሪኩን ነገረችኝ። መኪናዋ በተገዛችበት ዓመት ሁለቱም ስፒከሮች ይሠሩ ነበር። አባባ ያ ዝምተኛ ሰው ሰበታን አለፍ ሲሉ ዘፈኑን መቀበል ጀመረ። ለራሱ ነው፣ በጥርሱ መሐል። ከመንደራቸው የጭፈራ ሜዳ ወዲህ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ነው። ዞር ብላ ስታየው አፍሮ ያቆማል። ስለዚህ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ጆሮዋን ብቻ ወደሱ ማዘንበል ለመደች። ነገር ግን በእሷ በር በኩል የሚመጣው ዘፈን ድምፁን ዋጠባት። ቢጨንቃት፣ ይሄ ነገር ራሴን አመመኝ፣ በኔ በኩል ያለውን አጥፋልኝ አለችው። አባባ መንገድ ዳር አቁሞ፣ በሩን ፈትቶ፣ ነቅሎ አሰረላት፤ ከዚያ ወዲህ ስለሱ አንስቶባት አያውቅም።

"ራሴንስ አላመመኝም ነበር" አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

አንቺስ አብረሽው ትቀበዪ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። "እኔማ በልቤ" አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አባቴ ይዘፍን ነበር! እኔ ከኋላው፣ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጬ፣ በየመስቀሉ አብሬው ሄጃለሁ፤ አንድ ቀን አልሰማሁትም። የሞተን ሰው መናፈቅ ለምጄው ነበር። ሰምቼው የማላውቀውን ድምፁን መናፈቅ ግን ሌላ ነው፤ ምን ብዬ እንደማስታውሰው እንኳን አላውቅም።

በማግስቱ ወደ ሰውዬው ተመለስኩ። በአባባ በኩል የነበረውን አሮጌ ስፒከር መልስልኝ አልኩት። ምን አለሽ ተራ ላሉት ብረት ገዢዎች ሰጥቷቸዋል። ሄድኩ። መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል፤ ቆርቆሮ በሚቀጠቅጡት መሐል አልፌ የተበታተኑ ስፒከሮች ያሉበትን ክምር አገኘሁ። ማግኔቱ ለብቻ፣ ቆርቆሮው ለብቻ፣ የተቀደደው ወረቀት መሬት ላይ። ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ የኛ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። ባለቤቱ ምን ጠፋብሽ እህቴ ሲለኝ እጄን አራግፌ ወጣሁ።

የቀረኝ የቀኙን በር ዝም ማሰኘት ነበር። ሰውዬው ሊነቅልልኝ ፈቃደኛ አልሆነም። ሰው ባስ ጨምርልኝ ይለኛል እንጂ የገጠምኩትን አጥፋ ያለኝ የለም ብሎ ተቀየመ። ካቻቢቴውን ተውሼ ራሴ ፈታሁት። ሽቦዎቹን ነቀልኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ፣ ከእህል በረንዳ ባመጣሁት ሲባጎ አሰርኩ። ቋጠሮው እምቢ አለኝ። ከጆንያ መሐል አድጌ የአባቴን ቋጠሮ አለመማሬ ቆጨኝ፤ እንደነገሩ አስሬ በሩን ዘጋሁ።

ለእማዬ እንደድሮው ነው አልኳት። ከዚያ ለእህቷ ብርድ ልብስ እንድገዛ አዘዘችኝ፣ ወፍራሙን።

የመሄጃችን ቀን መርካቶ እየተዘጋ ነበር። ወንድሞቼ ከኋላ ዕቃው ላይ ወጡ፣ እማዬ ጋቢና ገባች። አየር ጤናን አለፍን። ከሰበታ ወዲያ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ሲመጣ ካሴቱን ከፈትኩ። ዘፈኑ ከኔ ጉልበት አጠገብ ብቻ መጣ። ከዓይኔ ጥግ አየኋት፤ ፊቷ ወደ መንገዱ እንደሆነ አንገቷ ቀስ እያለ ወደኔ ዘነበለ። ወደኔ አይደለም፤ ወደ ወንበሩ።

ዘፋኙ አወጣ። ካሴቱ ላይ ያሉት ተቀበሉት፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ በቀኜ በኩል፣ ዝም ካለው በር አጠገብ፣ አንድ ቀጭን ድምፅ ተቀበለ። በመጀመሪያ መስኮቱ የሚንጫረር መሰለኝ። እማዬ ነበረች። ከንፈሯ እምብዛም አይንቀሳቀስም፣ ቃሉ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። እየዘፈነች እንደሆነ አታውቅም። በልቤ ያለችኝ ይሄን ነው።

የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያኔ ነው አባባን ያወቅኩት። በአንዴ የሚፈታ ቋጠሮ ነበር ያሰረው። ከዚያ ወዲህ ስንት መስቀል ሲመላለሱ፣ ራስ ምታቱ ተሻለሽ ወይ፣ ልመልስልሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። ከዚህ ወንበር ምን እንደሚሰማ ያውቅ ነበር።

ዞር ብዬ ላያት በጣም ፈለግሁ። ካየኋት ታቆማለች። ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ፣ ጆሮዬን ብቻ ወደ ቀኝ ሰጥቼ ነዳሁ።