በተረከዝ የተመረጠ ወለል

ባለቤቴ ካሰች በሕይወቷ ሁለት ነገር ለሰው አታስነካም፤ ቢላዋዋንና የመታጠቢያ ሰዓቷን። ቢላዋዋን ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ የሚውል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የመታጠቢያ ሰዓቷን የሚያውቀው ግን የቤት ሰው ብቻ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ነው።

ካሰች አቅሟ እስኪደክም ድረስ ዓሣ አጣቢ ነበረች። ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ተቀብላ ቅርፊቱን ትፍቃለች፣ ሆድ ዕቃውን ታወጣለች፣ ለምግብ ቤቶች ትበልታለች። አምባዛ ሲመጣ፣ ያ ከእጅ የሚያመልጥ ዓሣ፣ ወንዶቹም ሳይቀሩ ለእሷ ይተዉላት ነበር። ከዚያ ውላ ወደ ቤት ስትመለስ ማንንም አትጨብጥም፣ ማንንም አትስምም። ልጃችን ማህሌት ሕፃን ሳለች እጇን ዘርግታ ስትሮጥባት እንኳ በክርኗ ገፋ አድርጋ ባልዲዋን ይዛ ትገባለች። በሩን ከውስጥ ትቀረቅራለች። እኛም ደጅ ሆነን እንጠብቃለን። ስትወጣ ያቺ ዓሣ አጣቢ የለችም፤ ፀጉሯን ያሰረች፣ ንጹሕ የለበሰች የቤቱ እመቤት ናት። ልጇን የምታቅፈው ያኔ ነው። ከእኔም ጋር ስለ ውሎዋ የምታወራው ያኔ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን «ዓሣ ዓሣ ትሸታለች» ብሎ ያማት ጎረቤት አልሰማሁም።

ባለፈው ክረምት እዚያው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀች። ወለሉ ሊሾ ነበር፤ ሲሚንቶው በሳሙናና በእግር ብዛት ለስልሶ እንደ ብርጭቆ ሆኗል። ዳሌዋ ተሰነጠቀ። እግዚአብሔር ይስጣቸውና ሐኪሞቹ ጠገኗት። በምርኩዝ ቆመች፤ ቆይታም ያለ ምርኩዝ ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ መራመድ ጀመረች። ብቻዋን መታጠብ ግን አልቻለችም። ማህሌት ከቢሮ ስትመለስ ደግፋ ታስገባታለች፣ በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ታጥባታለች። ልጄ ምንም አላጎደለችባትም። ካሰች ግን ሰበብ መፈለግ ጀመረች። አንድ ቀን «ብርድ ነው» ትላለች፣ ሌላ ቀን «ዛሬ ደክሞሻል ልጄ፣ ነገ ይሆናል» ትላለች። ከውኃ ጋር የኖረች ሴት ከውኃ ስትሸሽ አየሁ። ከዳሌዋ ስብራት ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ነው። ሰው ክብሩን በአንድ ቀን አይጥልም፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የሚጥለው።

ማህሌትም ነገሩን ሳታየው አልቀረችም። ለማናችንም ሳትነግር ከአዲስ አበባ ሴራሚክ አስመጣች። ካርቶኖቹ ኮሪደሩን ሞሉት። አንዱን ቀድዳ ስታወጣ እንደ እብነ በረድ ግራጫ ጅማት የተሳለበት፣ ፊት የሚያሳይ ነጭ ሴራሚክ ነው። እኔ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ካርቶኑ ላይ «የወለል ንጣፍ፣ አንደኛ ደረጃ» ይላል። ፊደል የለየሁት ራሴን አስተምሬ፣ ያውም ከጎለመስኩ በኋላ ነውና የተጻፈ ነገር ሲገጥመኝ አልጠራጠርም።

«እንዲህ ያለ ወለል ሆቴል ውስጥም የለ» አልኩ።

«የእማዬ ነው። ለሷ ሲያንስ ነው» አለች ማህሌት።

ካሰች ሴራሚኩን በእጇ ዳሰስ አድርጋ «እግዜር ይባርክሽ» አለች።

ሴራሚክ የሚያነጥፍልን ወንድሙ የሚባል፣ ከአጠገባችን ካለችው ከቱላ የሚመጣ ሰው ነው። የድሮውን ሊሾ ፈንቅሎ ካወጣ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማንጠፍ ሊጀምር መጣ። የሲሚንቶውን ከረጢት ሊፈታ ሲል ካሰች ከበረንዳው ተጣራች።

«ወንድሙ! አንዷን ሴራሚክ ወዲህ አምጣት።»

«ለምን እትዬ? ሊመርቋት ነው?»

«እዚህ መሬት ላይ አስተኛት። ማህሌት፣ ሳሙና ያለበት ውኃ አፍስሺባት።»

አሞራ ገደል ዓሣ የሚያጥቡ ሴቶች የሚቆሙበትን ድንጋይ በዓይን አይመርጡም። ደረቅ ድንጋይ ሁሉ ደግ ነው፤ ጠባዩ የሚታወቀው ሲረጥብ ነው። ስለዚህ የዓሣ እጣቢ ያፈሱበታል፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ተረከዛቸውን ተክለው ያዞራሉ። ድንጋዩ ተረከዝ ከያዘ ይቆሙበታል። ካልያዘ ትተውት ያልፋሉ። አዲስ የመጣች ሴት ቢላዋ ከመያዟ በፊት የምትማረው ይሄንን ነው።

ካሰች ትከሻዬን ይዛ ጫማዋን አወለቀች። ተረከዟን ሴራሚኩ ላይ ተክላ ልታዞር ስትል እግሯ ሽው ብሎ ሄደ። ባልይዛት ኖሮ ዳግመኛ ሆስፒታል ነበርን።

«አየሽ?» አለች ወደ ማህሌት ዞራ። «ይሄ ወለል አይደለም፤ አምባዛ ነው።»

ወንድሙ ሳቀ። ማህሌት ግን አልሳቀችም።

«እማዬ፣ እኔ እይዝሽ የለ እንዴ? ምን ሊያዳልጥሽ?»

«እኔም የምልሽ እሱን ነው። አንቺ ሳትይዢኝ መግባት ነው የምፈልገው።»

«እኔ ሳጥብሽ ምን አጎደልኩብሽ?» አለች ማህሌት።

«ምንም። አንድም ነገር።» ካሰች ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ስሚኝ ልጄ። አንቺንም ያጠብኩሽ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ተነስተሽ ‹እማዬ ውጪልኝ› ብለሽ በሩን ዘጋሽብኝ። ተቀየምኩሽ?»

ማህሌት እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ፣ «ይሄ ሁሉ ካርቶንስ ታዲያ?» አለች።

«እሱን እናስብበታለን። መጀመሪያ እግሬ የሚቆምበት ይገኝ።»

ወንድሙ ከረጢቱን መልሶ አሰረ። «እኔ እንግዲህ ሥራዬ ማንጠፍ ነው፤ ምርጫው የእናንተ ነው» ብሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ካሰችና እኔ በባጃጅ ፒያሳ ወረድን። የገባንበት ሱቅ ባለቤት ሙንተሃ ትባላለች፤ ከአባቷ የተረከበችውን የሕንፃ መሣሪያ መደብር የምታስተዳድር፣ ምላሷም እጇም ቀልጣፋ የሆነች ወጣት ናት። ሽማግሌና አሮጊት ስታይ ደንበኞቿን ትታ ተነሳች።

«አባባ ይግቡ። እማማ፣ ወንበር ላምጣልዎት። ምን ነበር?»

«የመታጠቢያ ቤት ወለል» አልኩ እኔ። እሷም ወዲያው የሚያብረቀርቁትን እየደረደረች ማሳየት ጀመረች። ለገዢ መጀመሪያ የሚታየው የሚያብረቀርቀው ነው። እኔም ዓይኔ እነሱ ላይ ቀረ።

«ልጄ፣ ውኃ አለሽ?» አለች ካሰች።

«የሚጠጣ፣ እማማ?»

«የሚፈስ። ሳሙናም ጨምሪበት።»

ይህን ብላ ጎንበስ አለችና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ሱቁ በሰው ተሞልቷል። እውነቱን ለመናገር፣ ሚስቴ ፒያሳ መሃል፣ ሰው ሱቅ ውስጥ ባዶ እግሯን ስትቆም ምን እንደምሆን ጠፋኝ። ኮፍያዬን አስተካክዬ ወደ መንገዱ ማየት ጀመርኩ። ቀለም ሊገዛ የመጣ አንድ ወፍራም ሰው፣

«እማማ፣ የሚገዙት ሴራሚክ ነው ወይስ ጫማ?» አላት።

«ጫማ ብገዛ ለክቼ ነበር የምገዛው። ታዲያ ይሄን ሳልለካ ለምን እገዛለሁ?»

ሱቁ ውስጥ ያሉት ሳቁ። ሙንተሃ ግን አልሳቀችም። ነገሩን ጠየቀቻት፤ ካሰችም ውድቀቷንም የተረከዙንም ነገር በአጭሩ ነገረቻት። ሙንተሃ ሰምታ ስታበቃ ጓዳ ገብታ በጆግ የሳሙና ውኃ ይዛ ተመለሰች። በገዛ እጇ የሱቋን ወለል ልታጨማልቅ!

መጀመሪያ «አያዳልጥም» ተብሎ የሚሸጠውን አመጣች። ደረቁን ስንነካው ሻካራ ነው። ሳሙናው ሲፈስበት ግን ካሰች ትከሻዬን ይዛ ብትሞክረው ተረከዝ አልያዘም። ቀጥላ ለመኪና ማቆሚያ የሚሆን አመጣች። ካሰች ተረከዟን አዞረችበትና ፊቷን አጨማደደች።

«ይሄስ ይዟል፤ ግን ቆዳዬን አስቀርቶ ነው የሚለቀኝ። የመኪና ነው ልጄ፣ እኔ ደግሞ ጎማ የለኝም።»

ሙንተሃ ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ ከመደርደሪያው ጀርባ ገብታ አቧራ የለበሰ ካርቶን እየጎተተች ወጣች። ውስጡ ያለው የክብሪት ቀፎ የሚያክል ትንንሽ ሴራሚክ ነው፤ መረብ ላይ ተለጣጥፎ እንደ ምንጣፍ ይዘረጋል። ቀለሙ ሐይቁ ሲጎድል ዳር ላይ የሚቀረውን ጭቃ ይመስላል።

«ይሄን ማንም አይጠይቀኝም» አለች። «ደብዛዛ ነው ይሉኛል።»

አፈሰሰችበት። ካሰች ተረከዟን ተከለች፤ አዞረች። ያዘ። እንደገና አዞረች። ቀጥሎ በተሰበረው በኩል ያለውን እግሯን ተከለች፤ እሱንም ያዘ። በትንንሾቹ መካከል ያለው ክፍተት እግሯን እንደ ጣት ነበር የሚይዘው። ትከሻዬ ላይ የነበረው እጇ ቀለል አለኝ፤ ቆይቶም ጨርሶ ተነሳ። ብቻዋን ቆመች።

ሙንተሃም ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። «ወላሂ ይይዛል!» ብላ ጮኸች። «እናቴ እኮ በፍርሃት ነው የምትታጠበው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ። ይሄ ሁሉ ጊዜ ከመደርደሪያዬ ጀርባ ተቀምጦ!»

እኔ ግን ዓይኔ አልተቀበለውም። ጠጋ ብዬ፣ «ካሱ፣ መያዙንስ ያዘ። ቀለሙ ግን ጭቃ ነው። እንግዳ ሲመጣ ምን ይላል?» አልኳት።

«እንግዳ ከእኔ ጋር አይታጠብም።»

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ያ ቀለም ገዢ ነው። እኔም ምን ላድርግ፣ ሳቅኩ። ሙንተሃ ካርቶኖቹን ራሷ ባጃጁ ላይ አስጫነች፤ የቀረውን ለእናቷ እንደምታስቀምጥም ነገረችን። በዚያች ቀን አንዲት ባለሱቅ የሚያብረቀርቀውን ሸጣልን ልትሸኘን ትችል ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ውኃ አፈሰሰችልን። አላህ ይስጣት።

ቤት ስንደርስ ማህሌት ካርቶኑን ከፍታ አየች። ካሰች ወደ ነጩ ሴራሚክ አገጯን አቀናች።

«ያንቺ ግድግዳው ላይ ይሁንልኝ። እንዲህ ያለ ነገር በዓይን ይታያል እንጂ በእግር አይረገጥም።»

«ፊት ያሳያል እኮ እማዬ። ራስሽን እያየሽ ልትታጠቢ ነው?»

«ካረጀሁ ወዲህ ሰውነቴን ደህና አድርጌ አይቼው አላውቅም። እንተዋወቃለን።»

ማህሌት ያን ጊዜ ሳቀች። እናትና ልጅ ሲሳሳቁ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ወንድሙ ትንንሾቹን ሲያይ ወገቡን ያዘ። «እትዬ፣ እርስዎን ለማዳን እኔን ሊሰብሩኝ ነው!» እያለ ተንበርክኮ አነጠፈው። ካሰች ወንበሯን በሩ ላይ አስቀምጣ አልነሳ አለች። ውኃው ወደ ማስወገጃው እንዲወርድ ወለሉ ዘምበል ማለት ነበረበት። አንድ ጥግ ላይ ውኃ ሲቋጥር ብታይ «አንሳው፣ ደግመህ ሥራው» አለችው፤ አንስቶ ደግሞ ሠራው። ዙሪያውን በነጩ ሴራሚክ አለበሰው፤ የምትይዘው ብረትም ግድግዳው ላይ አሰረላት። እያጉረመረመ ሠርቶ እንዲህ ያማረ ሥራ ያስረከበ ሰው አላየሁም።

ሲሚንቶው ደርቆ ውኃ የሚፈስበት ቀን ደረሰ። ማህሌት ከቢሮ ፈቃድ ጠይቃ ቀርታለች፤ ፎጣ ይዛ እናቷን ልታስገባ ተዘጋጀች። ካሰች ፎጣውን ከእጇ ተቀበለቻት።

«አንቺ እዚህ ቁሚ።»

ገባች። በሩ ተዘጋ። ከዚያ መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል ሰማን።

ማህሌት አየችኝ፤ አየኋት። ወንድሙም የቀረ ዕቃውን ሊወስድ መጥቶ መዶሻውን እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ውኃው መፍሰስ ጀመረ። ቆመ። እንደገና ፈሰሰ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ድምፅ ጠፋ። ማህሌት ልታንኳኳ እጇን አነሳች፤ እኔ እጇን ያዝኩት። በልቤ «አምላኬ፣ ይሄን አንዱን አድርግላት» አልኩ። ሌላ የምለምነው ነገር ትዝ አላለኝም።

መቀርቀሪያው ተከፈተ። ካሰች ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯ ውኃ እያንጠባጠበ፣ በሁለት እግሯ ቆማ ብቅ አለች። ሦስታችንንም ከላይ እስከ ታች ተመለከተችን።

«ምንድን ነው ይሄ? ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?»

ወንድሙ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

«ወንድሙ፣ ምሳ ሳትበላ ከዚህ ቤት አትወጣም። ማህሌት፣ አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ፤ ለእኔ ብለሽ እንዳትቀሪ። አንተ ደግሞ» አለችኝ፣ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ እየጣለች፣ «ውኃው ሳይበርድ ግባ። ስትወጣ እናወራለን፤ ብዙ የምነግርህ አለኝ።»

ገባሁ። ወለሉ ላይ ገና የሳሙና አረፋ ነበር። ባዶ እግሬን ቆምኩበትና እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።