የአባቴ በሬ እና የእኔ ምርጫ

ዝናብ የመታው የበሬ ጀርባ ፀሐይ ሲያገኘው የሚሸተው ሽታ አለ። ዛሬም በሥራ ላይ ሆኜ፣ የታመመ በሬ ትንፋሽ ለማዳመጥ ጆሮዬን አስጠግቼ ሳለሁ ያ ሽታ ከመጣ ምን ልሠራ እንደነበር ይጠፋብኛል። ከተማ ያደገ ሰው ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም። ለእኔ ግን አባቴ ማለት ያ ሽታ ነው።

በድርቁ ዘመን ከወሎ አምጥተው አሶሳ ሲያሰፍሩን አባቴ ሞፈሩን እንኳ ይዞ አልመጣም። በሰፈራ መንደራችን መሬቱ የጋራ ነበር፤ የሚያርሰውም ትራክተር። ጠዋት የተሰቀለው ብረት ሲደበደብ ወንዶቹ ዶማቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። በአገሩ በእርሻው የተመሰገነ ሰው ከትራክተር ኋላ አረም ሲለቅም ማየት አንጀት ይበላል። "እህሉ ናፍጣ ናፍጣ ይላል" እያለ ያጉረመርም ነበር።

በኋላ የጋራው ነገር ላላ ሲል ከባምባሲ ገበያ አንድ ቀይ በሬ እየነዳ መጣ። አብሮት የሚጠመደውን ሌላ በሬ ቀስ ብሎ ሊፈልግለት ነው። በአገሩ ደንብ ለሚወዱት በሬ የሚመረጥለት የወንዝ ዳር ሳርና ጥላ ስለሆነ፣ ቀትር ላይ እየወሰደ ከቀርከሃው ሥር ያስረዋል። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ አንድ የበርታ ሽማግሌ ሲያልፉ አዩትና፣ "ወንዝ ጥሩ አይደለም። በሬ እዚህ ይሞታል" አሉት። አባቴ በአክብሮት ሸኝቷቸው ወደ እኔ ዞረ። "ሳሩን ለፍየሎቻቸው ፈልገውት ነው" አለኝ።

በሬው እየከሳ ሄደ። ፀጉሩ ቆመ፤ ዓይኑ እንባ አዘለ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ወደቀ። አባቴ ሰው እንደሞተበት ሆኖ አለቀሰ።

በዚያው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አለፍኩ። የክፍል ኃላፊያችን ያለፍነውን ሰብስቦ፣ "ስሙ ያማረውን ሳይሆን ነገ የምትኖሩበትን ምረጡ" አለን። የከብት ሕክምና ልመርጥ መሆኔን ስነግረው አባቴ ዶማውን መሳል አቆመ።

"ወባ ሰዉን እየፈጀው? ሰው አክሚ እንጂ!"

"አባ፣ በሬህን የገደለውን ማወቅ እፈልጋለሁ።"

መንደሩ፣ "ተምራ ተምራ እረኛ ልትሆን!" ብሎ ሳቀብኝ። አባቴ ሲዘጋኝ ሰነበተና፣ የምሄድ ዕለት፣ "እንግዲያው አጣርተሽ ንገሪኝ" ብሎ መረቀኝ።

ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ገብቼ ስለ ገንዲ በሽታ ስንማር ምልክቱ ሁሉ የአባቴ በሬ ሆኖ አገኘሁት። በሽታውን የምታስተላልፈው ዝንብ መኖሪያዋ ወንዝ ዳር፣ ጥላ ውስጥ ነው። ይህን በምን አፌ ልንገረው? እረፍት እስኪደርስ ድረስ ውሸት ሳሰናዳ ከረምኩ።

ቤት ስገባ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ፣ "እህሳ፣ ምን ገደለው?" አለኝ።

"ገንዲ ነው፣ ከዝንብ የሚመጣ።"

"ዝንቧ የት ነው የምትኖረው?"

ያሰናዳሁትን ውሸት ትቼ ዓይኔን ወደ ቀርከሃው መለስኩ። እሱም ዓይኔን ተከትሎ ወደ ወንዙ አየ።

"በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። በእኔ ቤት ግን ሳሩን ያየሁት እኔ፣ ገደል የገባው እሱ" አለ።

እዚያው ፊቱ አለቀስኩ። ያን ዕለት አባቴ ወንዙን ተሻግሮ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸውም፣ "በሬ ይመጣል፣ አላህ ያውቃል" ብለው አስቀመጡት። ሲመለስ እንደ ተማሪ ፊቴ ተቀመጠና፣ "የሚቀጥለውን የት ልሰረው?" ሲል ጠየቀኝ። ከወንዙ የራቀ፣ ነፋስ የሚያገኘው ጉብታ አሳየሁት። በማግስቱ ገጀራውን ይዞ ቁጥቋጦውን ይመነጥር ጀመር።

ኮሌጅ ከተመለስኩ በኋላ ሌላ በሬ መግዛቱን ሰው ልኮ ነገረኝ። በሚቀጥለው እረፍት የገንዲ መድኃኒት በቦርሳዬ ይዤ ስደርስ በሬው ጉብታው ላይ ያመሰኳል። አባቴን ግን ወባ ወስዶት፣ የመቃብሩ አፈር ገና አልደረቀም ነበር።