ስሙን የተጠየቀው ዓሣ

ባለፈው ቅዳሜ እኔና ጎረቤቴ ወንድም ታዬ ቴክሳስ ውስጥ ከምንኖርባት ከሜስኪት ተነስተን ጋልቬስተን ባሕር ዳር ዓሣ ልናጠምድ ነዳን። ሁለታችንም ጀማሪዎች ነን።

መንጠቆዬን ወርውሬ ገና ሳልቀመጥ ጎተተኝ! ስስበው ባሕሩም አብሮ የሚወጣ ነው የመሰለኝ። ዓሣው ጥጃ ያክላል፤ አገጩ ላይ ጢም አለው። አሸዋው ላይ ሳጋድመው «ዱም፣ ዱም» እያለ አጉረመረመ።

«ኧረ ይሄ ዓሣ አይደለም! ወደ ባሕሩ መልሰው!» አለ ታዬ።

«እራቴን? ሞቼ እገኛለሁ! መጀመሪያ ምን ዓይነት እንደሆነ እንወቅ።»

«ኦኬ፣ እኔ እጠይቀዋለሁ» ብሎ፣ ልክ ቸርች ውስጥ ጋኔን ሲያስወጣ እንደሚያደርገው እጁን ዘርግቶ ጮኸ፤ «ማነህ? ስምህን ተናገር!»

«ብላክ ድረም!» የሚል ድምፅ መጣ። «ለጥብስ አንደኛ!»

ታዬ ነጠላ ጫማውን ጥሎ፣ ዞር ብሎም ሳያይ ወደ መኪናው በረረ። እኔ ስዞር አንዲት ሐበሻ እናት ከኋላችን ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው፣ የራሳቸውን መንጠቆ እያሰሩ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ለካ የዓሣውን ዓይነት ስም የነገሩን እሳቸው ናቸው።

እሑድ ታዬ መድረክ ላይ ወጥቶ ዓሣ በአማርኛ እንደመለሰለት መሰከረ። «ምስክሬ እሱ ነው!» ብሎ ሲጠቁመኝ ጉባኤው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

ተነሣሁና «አሜን!» አልኩ። «‹ጥበሱኝ› ያለንም ራሱ ነው።»