አራቱ ክቦች

ቃሊቲ አካባቢ ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት የክፍሉን ግድግዳ ነው። ሰው ተደግፎት በሚቀመጥበት ቁመት ልክ በላብ ጠቁሯል። ጫማዬን በር ላይ አስወለቁኝ። ሲሚንቶው እርጥብ ነበር።

የተያዝኩት በሰፈር ስብሰባ ላይ ስለ ውሃ መጥፋት ተነስቼ በመናገሬ ነው። አቤቱታውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ በሰፈራችን እንደኔ የሚጽፍ የለም። አራት ጎረቤቶቼ አብረውኝ መክረውበታል፤ ስማቸው ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ቱሉ ዲምቱ ያለውን ቤቴን ሲፈትሹ ደብተሬን ወሰዱ።

ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። የወተት ቢዶን እያጠብኩ ኬሚስትሪን ከአሮጌ መጻሕፍት ብቻዬን ተምሬ፣ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች አርሜአለሁ። ደብተሩ ላይ እርጎን የሚያኮመጥጠውን አሲድ ስዬ ነበር፤ መሃል አንድ ክብ፣ ዙሪያውን አራት የተለያዩ ክቦች። አጠገቡ ደግሞ መስተዋት ውስጥ የሚታየውን ምስሉን ሳልኩ። ሁለቱ እንደ ግራና ቀኝ እጅ ናቸው፤ ይመሳሰላሉ፣ ግን አንዱ በሌላው ላይ ልክ አይገጥምም።

መርማሪው ደብተሩን አፍንጫዬ ስር ያዘው።

«መዋቅራችሁ ይሄ ነው። መሃል ያለው ማነው?»

«ካርቦን።»

«ቅጽል ስሙን አልጠየቅኩህም፣ አንተ ሽማግሌ! ከነአባቱ ጥራው!»

«ጌታዬ፣ አሲድ ነው።»

«አሲድ? ማን ላይ ልትደፉ?»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቀ። መርማሪው አልሳቀም። እስከ ከሰዓት በኋላ አቆመኝ። ጡንቻ ሲደክም ያው አሲድ ይፈጠራል፤ እግሬ ውስጥ ያለው ከሁለቱ ሥዕሎች የትኛው እንደሆነ አውቅ ነበር።

በኋላ ሥዕሎቹን በንጹህ ወረቀት ገልብጦ መጣ። መሃሉ ላይ የኔን ስም ጽፎ አራቱን ክቦች ባዶ ትቷቸዋል።

«አራት ስም ሙላና ፈርም። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

አራቱም ስሞች ምላሴ ላይ ነበሩ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ስሜን ሰርዤ «ካርቦን» ብዬ ጻፍኩ። ባዶዎቹን ክቦች ከሃይድሮጅን ጀምሬ ተገቢውን እየጻፍኩ ሞላኋቸው። ሁለተኛውን ሥዕል የመስተዋት ምስል ሳይሆን ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት አድርጎት ስለነበር እሱንም አስተካከልኩ። አልፈረምኩም።

«ሲገለብጡ ተሳስተዋል» አልኩት።

በጥፊ መታኝ። ዘጠኝ ቀን ጨመሩልኝ።

አራቱም ጎረቤቶቼ ዛሬ በሰላም አሉ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ እንገናኛለን።

«ጋሼ፣ ያኔ ምን ጠየቁዎት?» ይለኛል አንዱ።

«ስለ እርጎ።»

«ጋሼ ደግሞ!» ብለው ይስቁብኛል።

ስለራሴ ማውራት እንደምወድ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ቢያውቁት እንዲህ አይስቁብኝም፤ እኔ ደግሞ ሳቃቸውን ወድጄዋለሁ።